ላንድሮቨር ወይስ ላንድክሩዘር? ለጌዴኦ ዳገት የሚያዋጣው የትኛው ነው?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና መርጦ መግዛት ቁም ነገር ሆኗል። ከዲላ ተነስቶ ይርጋ ጨፌ፣ ገደብና ቡሌ ለሚመላለስ የቡና ነጋዴ ሊነጻጸሩ ከሚገባቸው መካከል እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ላንድሮቨር ሲሪስ 3 እና በ1984 ምርቱ ያበቃው ላንድክሩዘር 40 ይገኙበታል።

በጉልበት ላንድክሩዘር ይበልጣል። ትልቁ የቤንዚን ሞተሩ 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ሲሆን፣ የላንድሮቨሩ የተለመደ ሞተር 4 ሲሊንደርና 2.25 ሊትር ነው። አንደኛው ዳገቱን ጭኖ ሲዘልቀው ሌላው በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይከተላል። ቤንዚን በመጠጣትም ቀዳሚው ያው ላንድክሩዘር ነው።

በመንገድ አያያዝ ልዩነቱ ይጠባል። ሁለቱም በፊትም በኋላም ባሊስትራ ስለሆኑ ባዷቸውን ይዘላሉ፤ ኩርባ ላይ ፍጥነት አይወዱም። አጭሩ ላንድክሩዘር በጠባብ መንገድ በቀላሉ ይዞራል። ረጅሙ ላንድሮቨር፣ ባለ 109ኙ፣ ለመዞር ሰፊ ቦታ ቢፈልግም በጭቃ ቁልቁለት ኋላው ቶሎ አይሸሽም፤ ጭነትም ይይዛል።

ገዢ ግን ከሞተሩ በፊት ሥሩን ይመልከት። የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም ነውና ላዩ አይዝግም፤ የብረት ሻንሲው ግን ውስጥ ውስጡን ይበላል። የላንድክሩዘር አካል ብረት ስለሆነ ዝገቱ ላዩንም አይምርም፤ አዲስ ቀለም ሊሸፍነው ይችላል። ፈጥኖ ደርሶ ለሚመለስ ላንድክሩዘር፣ ቀስ ብሎ ለሚጭን ላንድሮቨር ይሻላል። ሞተር ይታደሳል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ግን የወቅቱን ትርፍ ይዞ ይሄዳል።