ሳጥኑ ሳይሞት «ሞቷል» ሲባል

ይህን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ የሚናገር አታገኙም። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ ስለኖርኩ ለእናንተ ለፒካፕ ባለቤቶችና ለሹፌሮች ዝቅ ባለ ድምፅ ልንገራችሁ። ዝናብ መጥረጊያው ቆሞባችሁ «ኮንትሮል ሳጥኑ ተቃጥሏል» ከተባላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «ሳጥኑ ጋ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ መድረሱን ለካችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ማሽኑ ነው ያለው» የሚል መልስ ከመጣ፣ የለካ ሰው የለም።

ማሽኑ የሚሉት ስካነሩን ነው። በአሮጌው ሃይሉክስ መሪው ሥር ያለው ማብሪያ ኤሌክትሪኩን ለመጥረጊያው ሞተር በቀጥታ ይሰጥ ነበር። በብዙ አዳዲስ ፒካፖች ግን ማብሪያው ለሳጥኑ ይነግራል፣ ሳጥኑ ሪሌውን ያዛል፣ ሪሌው ሞተሩን ያስነሳል። ሳጥኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በተጠማዘዙ ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ነው፤ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ለዓለም ያስተዋወቀው ካን የተባለው መስመር ማለት ነው። ስካነሩ በ«ዩ» የሚጀምር ኮድ ካወጣ፣ የሚለው «ያኛው ሳጥን አልመለሰልኝም» ብቻ ነው። ኔጋቲቩ የላላ ሳጥንም እኮ አይመልስም። ከሞተው የሚለየው መለካት ብቻ ነው።

ልኬቱም ከባድ አይደለም። የባትሪው ገመድ ተነቅሎ በሁለቱ የካን ሽቦዎች መካከል ቴስተር ሲደረግ 60 ኦም ገደማ መነበብ አለበት፤ በመስመሩ ሁለት ጫፎች 120፣ 120 ኦም ተቀምጧልና። 120 ካነበበ አንደኛው ጫፍ ተቋርጧል። ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች የሆነ ቦታ ተነካክተዋል። ኔጋቲቩን ለማየት ደግሞ ባትሪው ይመለስና መጥረጊያው በርቶ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላው በሞተሩ አካል ላይ ይደረጋል። ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ጥፋቱ የዛገ ወይም የላላ የቦዲ ማሰሪያ ነው። ያንን ፍቆ ማጥበቅ ስንት ሳጥን ከመቀየር ያድናል!

ታዲያ ለምን ሳጥኑ ይከሰሳል? ሳጥን መቀየር ፈጣን ነው፣ ትርፍም አለው። ሽቦ ተከትሎ ግማሽ ቀን የዋለ ኤሌትሪሺያን ግን ማታ ላይ የሚያሳየው ዕቃ የለውም። ደንበኛውም ድርሻ አለው፤ ለዕቃ ሳይከራከር ይከፍላል፣ «ምን ቀየርክና ነው?» ብሎ የፍለጋውን ዋጋ ይከለክላል። ይህ ካልተስተካከለ ታማኙ ባለሙያም አንድ ቀን መለኪያውን ያስቀምጣል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በእኛ አካባቢ የብልሽቱ ሥር ብዙ ጊዜ ውኃ ነው። መኪናው ማንጎ ጥላ ሥር ይቆማል፣ ቅጠሉ መስታወቱ ግርጌ ባለው ወንፊት ይገባና የውኃ መውረጃውን ይዘጋል። የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ሲመጣ ሞተሩና ሶኬቱ ውኃ ውስጥ ይቀመጣሉ። ላቫጆ ላይም ኮፈን ተከፍቶ በግፊት ውኃ ሲታጠብ ሶኬቶቹ ውስጥ ይገባል፣ ከሳምንታት በኋላ ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። ከሁሉ የከፋው ግን በደንብ ሳይታሸግ የተቀየረ የፊት መስታወት ነው። ውኃው በጥግ በኩል በዳሽቦርዱ ውስጥ እየወረደ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ ያርፋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በዝናብ ቀን መጥረጊያው፣ ክላክሱና የበሩ ቁልፍ አብረው ይታወካሉ፣ ፀሐይ ሲወጣ ሁሉም ደህና ይሆናል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ አዲስ ሳጥን መግጠም አዲሱንም ማስበላት ነው።

ሞተሩ እየጮኸ መጥረጊያው ካልተንቀሳቀሰ የዘንጉን ዳዶ እዩ። ሲያጠፉት መሐል መስታወት ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው ማቆሚያ ኮንታክት ተበልቷል። ዝግተኛው ሠርቶ ፈጣኑ እምቢ ካለ ካርቦኑ ወይም ማብሪያው ነው። እረፍት እየወሰደ የሚጠርገው ብቻ ከጠፋ ግን ያኔ ሳጥኑን ወይም ሪሌውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሳጥን አይሞትም እያልኩ አይደለም። በአሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠራቸውን ፒካፖች ለጥገና የጠራው የመጥረጊያ ሞተሩ ሰሌዳ ላይ ያሉት የብየዳ ነጥቦች እየተሰነጠቁ ስላስቸገሩ ነው። የእኛም መንገድ ያንኑ ያደርጋል። ከሲቀላ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በዶርዜ በኩል ከ2,700 ሜትር በላይ ወዳለችው ጨንቻ የሚወጣ ፒካፕ፣ በሙቀትና በብርድ መካከል እየተንቀጠቀጠ ይመላለሳል። ያ ቁልቁለት ላይ ጉም ወርዶ፣ ኋላ ሰው ተጭኖ መጥረጊያ ሲቆም ምን እንደሚሆን የምታውቁት እናንተው ናችሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ፊውዝ ሲቃጠል በትልቅ ፊውዝ ወይም በሽቦ አትተኩ፤ በቆላው ፀሐይ የደረቀ የመጥረጊያ ጎማ አቧራማ መስታወት ላይ ሲጎተት ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ፊውዙ የተቃጠለውም ሽቦውንና ሳጥኑን ለማዳን ነው። ያገለገለ ሳጥን ሲቀርብላችሁም ኮዱ ለእናንተ መኪና የሚስተካከልበት መሣሪያ መኖሩን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ የሌላ መኪና የቁልፍ መረጃ ይዞ የመጣ ሳጥን የመኪናችሁ ሞተር እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል። ሳጥኑ የግድ ከተቀየረ ደግሞ አሮጌውን ተቀበሉና እዚያው ፊታችሁ አስከፍቱት። የተቃጠለ ሰሌዳ ጥቁር ጠባሳና ሽታ አለው፣ ውኃ የገባበት ፒኖቹ አረንጓዴ ናቸው። ሰሌዳውን ንጹሕ ሆኖ ካገኛችሁት የአዲሱን ሂሳብ ሳትከፍሉ ሁለቱንም ሳጥኖች በየተራ አስገጥማችሁ ሞክሩ።