እምቢ ያለ የብስክሌት ጎማ

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። በብስክሌት ብዛትም ትታወቃለች። ብስክሌት ባለበት ደግሞ እሾህና ሚስማር አይታጣም። ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ ቅርብ ከሆነ ደኅና። ሩቅ ከሆነስ? ያን ጊዜ ሥራው የራሳችን ነው።

ብዙዎቻችን ጎማው እምቢ ሲለን ካቻቢቴ እናነሣለን። የካቻቢቴ ጫፍ ግን ከመነዳሪ ይበሳል። አንድ ቀዳዳ ልንደፍን ገብተን ሁለት ይሆንብናል። ከመነዳሪ ደግሞ በነጻ አይገኝም።

ጎማ እምቢ የሚለው ጉልበት ስላነሰን አይደለም። በጎማው ከንፈር ውስጥ የብረት ሽቦ አለ። ሽቦው አይለጠጥም። ብንስበው ብንታገለው ያው ነው። ቸርኬውን ግን እንመልከት። ዳርና ዳሩ ከፍ ይላል፤ መሐሉ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለ ነው። የጎማው ከንፈር ቦዩ ውስጥ ሲሰምጥ በሌላው በኩል ይላላል። ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ድሮማ ጎማ ከቸርኬው ጋር በሙጫ ይጣበቅ ነበር። ሚሽሊን የተባሉ የፈረንሳይ ወንድማማቾች የሚወልቅ ጎማ ያወጡት በ1891 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው። እኛም ዛሬ በመንገድ ዳር ጎማ የምንፈታው ከዚያ ወዲህ በመጣው ዘዴ ነው።

እንግዲህ አየሩን ጨርሰን እናስወጣ። ጎማውን በሁለት እጃችን እየጨመቅን፣ ከንፈሩን ዙሪያውን ወደ ቦዩ እንግፋው። ከዚያ በቫልቮላው አካባቢ ማውለቂያ አስገብተን እንፈልቅቀው። ማውለቂያ ከሌለ የማንኪያ እጀታ ይበቃል። አንዱ ወገን ከወጣ በቃ፣ ከመነዳሪው ይወጣል።

ቀዳዳው ከተለጠፈ በኋላ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ እንዳብስ። ጨርቁ ከተያዘ እሾሁ እዚያ አለ ማለት ነው። በባዶ እጅ ግን ጣት ይወጋል።

ስንመልሰው ከቫልቮላው ትይዩ ጀምረን በቫልቮላው ዘንድ እንጨርስ። ለምን ቢሉ፣ ቫልቮላው ባለበት ቦዩ ስለሚዘጋ ከንፈሩ እንደልብ አይሰምጥም። ከመነዳሪው ጥቂት አየር ይኑረው፤ አለዚያ ይታጠፋል። የምታስቸግረው የመጨረሻዋ ስንዝር ናት። ኧረ ካቻቢቴውን ተዉት! ተቃራኒውን ወገን እንደገና ወደ ቦዩ እንግፋ፤ ከንፈሩን የሳሙና ውኃ እንቀባ፤ በአውራ ጣታችን እንጫን። ይገባል።

ቫልቮላውን አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገን እንልቀቀው። ከመነዳሪው በጠርዙ ብቅ ያለበት ቦታ እንዳይኖር በሁለቱም ወገን እንይ፤ ተቆንጦ ከተነፋ ይፈነዳል። ጥቂት ነፍተን እናሽከርክር። ጎማው ከተወላገደ አስተንፍሰን እናቃናው። ቀጥ ብሎ ከዞረ ግን እስኪጠነክር ይነፋ።