ለቱርቦ መኪና የሚስማማው ቤንዚን የትኛው ነው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ በኩል ወደ ኬንያ የሚጓዝ መኪና ሞያሌ ሲደርስ ብዙ ነገር ይለወጥበታል። ድንበሩን አልፎ በኬንያ ክልል ወደምትገኘው የሞያሌ ክፍል ወደ ቡቲዬ ሲዘልቅ መንገዱን በቀኝ መያዙ ቀርቶ በግራ ይይዛል፤ የሚከፈለው ብር ሳይሆን ሽልንግ ይሆናል፤ ቤንዚኑም የሌላ አገር ቤንዚን ነው። ለሞተሩ ዋና የሆነውን ለውጥ ግን ነጂው በዓይኑ አያየውም። ይኸውም የአየር ግፊት ለውጥ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ሞያሌ ግን ወደ 1,100 ሜትር ዝቅ ትላለች። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ አንዳች ድምፅ ሳያሰማ ሲሠራ የኖረ ሞተር ቆላ ሲወርድ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል። ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ደግሞ በደጋም ሆነ በቆላ ደኅና ቤንዚን መፈለጉን አይተውም። ይህ ለምን እንደ ሆነ ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማንኳኳት ምንድን ነው?

የቤንዚን ሞተር አየርና ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ይደባልቃል፤ ፒስተኑ ድብልቁን ይጨምቀዋል፤ ከዚያም ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል። በትክክል በሚሠራ ሞተር ውስጥ ነበልባሉ ከካንዴላው ተነሥቶ፣ በደረቅ ሣር ላይ እንደ ተለቀቀ እሳት፣ ከዳር ወደ ዳር እየገፋ ይሄዳል።

አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ተማሪ የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት የድብልቁ ክፍል ከመጠን በላይ ከተጨመቀና ከጋለ፣ ተራውን ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ በአንድ አፍታ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ብረት በመዶሻ እንደ መምታት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ይህም ማንኳኳት ይባላል። ጉዳቱ በድምፅ ብቻ አይቀርም፤ ሲደጋገም የፒስተኑን አናት ይበሳል፣ የፒስተን ፋሻ ይሰብራል፣ በቴስታታው ሥር ያለውን ጋስኬት ያቃጥላል።

የኦክቴን ቁጥር

ቤንዚን ሁሉ ማንኳኳትን በእኩል አይቋቋምም። መለኪያውን በ1926 ያቀረበው ግራሃም ኤድጋር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። ማንኳኳትን በደንብ ለሚቋቋመው አይሶኦክቴን 100፣ ወዲያው ለሚያንኳኳው ኖርማል ሄፕቴን ደግሞ 0 ቁጥር ተሰጠ። አንድ ቤንዚን ኦክቴኑ 91 ነው ሲባል፣ በመፈተሻው ሞተር ውስጥ የሚያንኳኳው 91 እጅ አይሶኦክቴንና 9 እጅ ሄፕቴን እንደ ተደባለቀበት ነዳጅ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባል። የኦክቴን ቁጥር የቤንዚኑን ጉልበት አይናገርም። አይሶኦክቴንና ሄፕቴን ሲቃጠሉ የሚሰጡት ሙቀት ተቀራራቢ ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ቤንዚኑ መጨመቅን እስከ ምን ድረስ እንደሚታገሥ ብቻ ነው። ስለዚህ 91 ለሚበቃው ሞተር 98 መግዛት ገንዘብን ማባከን ይሆናል።

ቀደም ሲል ኦክቴንን ከፍ ለማድረግ በቤንዚን ውስጥ የእርሳስ ውሕድ ይጨመር ነበር። ይህን ዘዴ በ1921 ያገኘው ቶማስ ሚጅሊ ነው። እርሳስ የሰው አእምሮን፣ ይልቁንም የሕፃናትን፣ የሚጎዳ መርዝ በመሆኑ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ተዉት፤ በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ኦክቴንን ከፍ ከሚያደርጉት ሌሎች ነገሮች አንዱ ኤታኖል ሲሆን፣ የራሱ ኦክቴን ከ100 በላይ ነው። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ በመቶ 5 እጅ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በመቶ 10 እጅ መደባለቁ ይታወሳል።

ከፍታና ቱርቦ

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንመለስ። በባሕር ዳርቻ ያለውን የአየር ግፊት 1 ብንል፣ የሞያሌው 0.88፣ የአዲስ አበባው 0.76 ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው የአካባቢውን አየር ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ሲሊንደሩ በሚገባ አይሞላም። ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በሌላ በኩል ግን የማንኳኳት ዝንባሌውም አብሮ ይቀንሳል። በአሜሪካ የሮኪ ተራሮች አካባቢ ከሌላው ስፍራ ያነሰ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ለብዙ ዘመን ሲሸጥ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው መኪና ወደ ሞያሌ፣ ይልቁንም ወደ ሞምባሳ ወደብ ሲወርድ ከፍታው ያደረገለት ምሕረት ይቀርበታል።

ቱርቦ ይህን ምሕረት አስቀድሞ አይቀበልም። ሥራው ከጭስ ማውጫው በሚወጣው ጋዝ ኃይል እየተሽከረከረ አየር አጭቆ ወደ ሲሊንደር መላክ ነው። ሐሳቡን በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡኪ ነበር። ቱርቦ ካላቸው የመጀመሪያዎቹ የቤንዚን አውቶሞቢሎች አንዱ የሆነው የ1962ቱ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር፣ ማንኳኳትን ለመከላከል ውኃና ሜታኖል በሞተሩ ውስጥ ይረጭ ነበር። ችግሩ ከቱርቦው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አብዛኞቹ የዛሬ ቱርቦ ሞተሮች ከፍታው ቢለያይም ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር በተወሰነ ግፊት ለመጠበቅ ይጥራሉ። ይህ ግፊት 1.6 ነው እንበል። በባሕር ዳርቻ ቱርቦው አየሩን 1.6 እጥፍ፣ በሞያሌ 1.8 እጥፍ፣ በአዲስ አበባ 2.1 እጥፍ መጭመቅ አለበት። የውጪው አየር በሦስቱም ስፍራ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በፊዚክስ ስሌት መሠረት የተጨመቀው አየር በባሕር ዳርቻ ወደ 62፣ በሞያሌ ወደ 75፣ በአዲስ አበባ ወደ 89 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ኢንተርኩለር የሚባለው ማቀዝቀዣ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ያስወግዳል፤ ነገር ግን ሁሉን አያስወግድም። እንግዲህ «አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነች ዝቅተኛው ቤንዚን ይበቃል» የሚለው አነጋገር ለተራው ሞተር እውነትነት ቢኖረውም፣ ለቱርቦ ሞተር አይሠራም።

ምርጫው እንዴት ይሁን?

አንደኛ፦ የነዳጅ መሙያውን መክደኛ ከፍተን በውስጥ በኩል የተለጠፈውን ጽሑፍ፣ እንዲሁም የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ እናንብብ። «ግዴታ ነው» የተባለው ቁጥር ዝቅ ሊል አይገባም። «ይመከራል» ከተባለ ግን በጥቂቱ ዝቅ ያለ ቤንዚን ሞተሩን በቶሎ አይጎዳም፤ ጉልበቱን ግን ይቀንሳል።

ሁለተኛ፦ ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ እንደ ተጻፈ እንለይ። ሁለት የመፈተሻ ዘዴዎች አሉ፤ «ሪሰርች» የሚባለው ሞተሩን በደቂቃ 600 ዙር፣ «ሞተር» የሚባለው ደግሞ በ900 ዙር ያሠራል። በአውሮፓና በጃፓን የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው። አሜሪካኖች የሁለቱን አማካይ ይጽፋሉ። ስለዚህ ከአሜሪካ በመጣ መኪና ላይ 91 ተብሎ ቢገኝ፣ በሪሰርች መለኪያ 95 ወይም 96 ያህል ነው። ይህን ሳያውቁ 91 መሙላት መኪናው የሚሻውን መንፈግ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ የታዘዘው ቤንዚን ባይገኝ ቀስ ብሎ መንዳት ይበጃል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ሞተሮች ማንኳኳትን የሚያዳምጥ መሣሪያ አላቸው፤ እርሱም የብልጭታውን ጊዜ በማዘግየት ሞተሩን ያድናል። ቢሆንም በከባድ ጭነት፣ በዳገትና በትልቅ ማርሽ ፔዳሉን አጥብቆ መርገጥ መሣሪያው ከሚችለው በላይ ሊሆን ይችላል። ማርሹን መቀነስና ፔዳሉን ማላላት ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ በድንበር ከተሞች በጀሪካን ከሚሸጥ ቤንዚን እንጠንቀቅ። ምንጩ የማይታወቅ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ሊደባለቅበት ይችላል፤ የነጭ ጋዝ ኦክቴን ደግሞ ከቤንዚን እጅግ ያነሰ ነው። ኬንያ በ2018 በነጭ ጋዝ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ የጣለችው ይህን የመሰለውን መደባለቅ ለመከላከል ነበር።

ይህ ጥንቃቄ የመኪና ወዳዶች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። በእጅ ያለው መኪና ለብዙ ዓመት ማገልገል ይኖርበታል፤ የተበሳ ፒስተን ለማስለወጥ የሚወጣው ገንዘብም በቤንዚን ዋጋ ልዩነት ከሚቆጠበው ጋር አይወዳደርም።

ለክፍል ሥራ

1. ኦክቴኑ 91 የሆነ 30 ሊትር ቤንዚን፣ ኦክቴኑ 96 ከሆነ 20 ሊትር ቤንዚን ጋር ቢደባለቅ የድብልቁ ኦክቴን በግምት ስንት ይሆናል?

2. በናይሮቢ የአየሩ ግፊት 0.8 ያህል ነው። ከላይ የተጠቀሰው ቱርቦ 1.6 ለመድረስ አየሩን ስንት እጥፍ መጭመቅ አለበት?

3. አንድ ነጂ «ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ብሞላ አሮጌው መኪናዬ ይፈጥናል» ቢል ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ?

መልስ፦ የ1ኛው 93፣ የ2ኛው 2 እጥፍ ነው። የ3ኛውን መልስ ተማሪዎች በራሳቸው አነጋገር ጽፈው በክፍል ውስጥ ቢወያዩበት መልካም ነው።