ሲነሱ ዓይን ለምን ይጨልማል?

በስኳር ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አዲስ ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እግሩ ነው፤ ካልሲው ይወልቃል፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ይፈተሻል። እኔ ግን በዚያው ቀን አስተኝቼ ግፊቱን እለካና፣ አስነስቼ በቆመበት ደግሜ እለካለሁ። የላይኛው ቁጥር በ3 ደቂቃ ውስጥ 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ እነግራለሁ።

ስኳር የልብን ምትና የደም ሥሮችን የሚቆጣጠሩ ነርቮችንም ይጎዳል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠቃው ቫገስ ነው፤ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ እስከ ሆድ የሚወርድ፣ ልብን የሚያረጋጋ ረጅም ነርቭ። እሱ ሲደክም ሰው ተቀምጦም ልቡ ይፈጥናል። ጉዳቱ ሲገፋ ሲነሱ ግፊት ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል። የሰውነት ፈሳሽ ማነስና አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችም ይህን ስለሚያመጡ የሚለየው ሐኪም ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው። የልብ ነርቮች ከተጎዱ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ እንኳ ደረትን ላያም ይችላል። ታካሚው ያልበዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ጋደም ይላል። እባካችሁ፣ ስኳር ያለበት ሰው በድንገት እንዲህ ከሆነ ሻይ አፍልታችሁ አትጠብቁ፤ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።

«ሲስተር፣ ስኳር አለብህ የተባልኩት እኮ ዛሬ ነው!» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ዓይነት 2 ስኳር ግን ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መመሪያም በዓይነት 2 የእነዚህ ነርቮች ምርመራ በሽታው እንደታወቀ፣ በዓይነት 1 ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ እንዲጀመርና በየዓመቱ እንዲደገም የሚመክረው ለዚህ ነው።

ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ መሣሪያ) ባለበት ደግሞ የትንፋሽ ምርመራ አለ። በኤደንብራ ዴቪድ ኢዊንግና ባልደረቦቹ ካስለመዷቸው ምርመራዎች አንዱ ነው። ታካሚው በደቂቃ 6 ጊዜ ብቻ፣ በጥልቀት ይተነፍሳል። ጤነኛ ልብ አየር ሲገባ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል። በኢዊንግ መለኪያ ልዩነቱ 15 ምት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ያሳስባል፣ ዕድሜም ግን ይታሰብለታል። በዚያ ጠዋት ቡና የጠጣ ሰው ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችል ቀጠሮ ስሰጥ አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ።

ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል። በዴንማርክ ስቴኖ 2 የተባለው ጥናት 160 የዓይነት 2 ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ ስኳርን፣ ግፊትንና የደም ቅባትን አንድ ላይ አጥብቆ መቆጣጠር የእነዚህን ነርቮች ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ስትነሱ የሚያዞራችሁ ካላችሁ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጣችሁ ተነሱ። ከበድ ያለ ስፖርት ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። የግፊት ክኒናችሁን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ መጠኑንም ሆነ የሚወሰድበትን ሰዓት የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው።