ስልክ የመኪና ቁልፍ ሲሆን

ቁልፍ የሰው ልጅ ንብረቱን ለመጠበቅ ከፈለሰፋቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። ቤቱን ዘግቶ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሚሄድ ሰው ንብረቱን በዓይኑ ባያየውም ልቡ ያርፋል። ቁልፉ የጠፋበት ሰው ግን በገዛ ደጁ ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ ይቀራል። ለብዙ ዘመን ቁልፍ ማለት የተሞረደ ብረት ማለት ነበር። በዛሬው ጊዜ ግን ቁልፍ ከብረትነት አልፎ በአየር ላይ የሚተላለፍ ምስጢር ሆኗል፤ ይህንንም ምስጢር በተለይ በአዳዲስ መኪናዎች ዘንድ የሚሸከመው ስልክ እየሆነ መጥቷል። የዚህን ለውጥ ጥቅምና ሥጋት ለመረዳት የዩጋንዳን ዋና ከተማ ካምፓላን መመልከት ይጠቅማል።

ዩጋንዳ የባሕር በር የላትም። በካምፓላ ጎዳናዎች ላይ ከሚታዩት የቤት መኪናዎች ብዙዎቹ በጃፓን አገር ያገለገሉ ናቸው። በመርከብ እስከ ኬንያ ወደብ እስከ ሞምባሳ ይመጡና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በየብስ ተጉዘው ካምፓላ ይገባሉ። በሁለቱም አገሮች ተሽከርካሪ የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ የጃፓን መኪና መሪው ሳይቀየር ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ከተሠሩ ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸው መኪናዎች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ በፋብሪካ የሚፈለሰፍ አዲስ ዘዴ ካምፓላ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ባለቤት እጅ ነው። በስልክ አጠቃቀም ረገድ ግን ከተማዋ ወደ ኋላ የቀረች አይደለችም። ኤም ቲ ኤን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በዩጋንዳ ገንዘብን በስልክ የማስተላለፍ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ የጉሊት ነጋዴውም ሆነ ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ነጂ ሒሳቡን በስልክ መቀበል ለምዷል። በካምፓላ ስልክ የመኪና ቁልፍ ከመሆኑ በፊት የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል ማለት ነው።

የብረት ቁልፍ አሠራር ቀላል ነው። የቁልፉ ጥርሶች በመዝጊያው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ዘንጎች በትክክል ባነሡ ጊዜ መዝጊያው ይዞራል። ይሁን እንጂ ጥርሱን አስመስሎ የሚሞርድ ሰው በቀላሉ ሁለተኛ ቁልፍ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ችግር ለማስቀረት መሐንዲሶች በቁልፉ እጀታ ውስጥ አነስተኛ ቺፕ አኖሩ። ቺፑ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ቁልፉ ሞተር ማስነሻው ውስጥ ሲገባ በዙሪያው ካለው የሽቦ ጥቅል ኃይል ተቀብሎ ምስጢሩን ለመኪናው ያሳውቃል። ምስጢሩ ትክክል ካልሆነ ሞተሩ አይነሣም። ይህ መሣሪያ ኢሞቢላይዘር ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ይህ መሣሪያ እንዲኖራቸው ተደንግጓል።

ቀጥሎ የመጣው ከኪስ ሳይወጣ የሚሠራው ቁልፍ ነው። ባለመኪናው የበሩን እጀታ ሲነካ መኪናው ደካማ የራዲዮ ጥሪ ያሰማል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ርቀት ያለው ቁልፍም ጥሪውን ሰምቶ ይመልሳል። መኪናው መልሱን እንዳገኘ ቁልፉ ቅርብ ነው ብሎ ያምናል። ስሕተቱም ያለው ከዚህ እምነት ላይ ነው። ሁለት ሌቦች የራዲዮ መሣሪያ ይዘው አንዱ ከመኪናው አጠገብ፣ ሌላው ቁልፉ ከተሰቀለበት ቤት ግድግዳ አጠገብ ቢቆሙ፣ የመኪናውን ጥሪና የቁልፉን መልስ እየተቀባበሉ ያስተላልፋሉ። ቁልፉ ሳይሰረቅ መኪናው ይሰረቃል። በዙሪክ ከተማ የሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ 8 ድርጅቶች የሠሯቸውን 10 ዓይነት መኪናዎች ፈትነው ሁሉም በዚህ የቅብብሎሽ ዘዴ ሊከፈቱ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

ስልክ ወደዚህ ሥራ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ቴስላ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ያቀረበው ሞዴል 3 የተባለ መኪና በብሉቱዝ አማካይነት በስልክ ይከፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የመኪናና የስልክ ፋብሪካዎች ማኅበር ለስልክ ቁልፍ የመጀመሪያውን የጋራ ደንብ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ደግሞ የአፕል ስልክ የቢ ኤም ደብልዩ መኪናን መክፈት ጀመረ።

በዚህ አሠራር መኪናውና ስልኩ የሚነጋገሩት እንደ ዘብና እንደ መንገደኛ ነው። መኪናው በየጊዜው የሚለዋወጥ ጥያቄ ያቀርባል፤ ስልኩም በልዩ ቺፕ ውስጥ በተሸሸገው ምስጢር እየተጠቀመ ለዚያ ጥያቄ ብቻ የሚሆን መልስ ይሰጣል። ምስጢሩ ራሱ ከስልኩ አይወጣም። ስለዚህ የትናንቱን መልስ ሰምቶ የያዘ ሌባ ዛሬ አይጠቀምበትም።

ነገር ግን መልሱ እውነተኛ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ከየት እንደመጣም መታወቅ አለበት። ኤን ኤፍ ሲ የሚባለው ዘዴ ይህን ችግር የሚያቃልለው ስልኩ ከበሩ እጀታ ጋር እስኪነካካ ድረስ እንዲቀርብ በማስገደድ ነው። በብሉቱዝ ብቻ የሚተማመን ቁልፍ ግን በቅብብሎሽ ሊታለል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በተደረገ ሙከራ ታይቷል። የተሻለው መፍትሔ አልትራ ዋይድባንድ የተባለው ሞገድ ነው። የራዲዮ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በአንድ ሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ውስጥ የሚሄደውም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መኪናው መልሱ ደርሶ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ በዚህ ጥቃቅን መስፈሪያ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ሌባ ድምፅን ሊያጎላ ይችላል፤ ሞገድን ከተፈጥሮ ፍጥነቱ በላይ ሊያስሮጥ ግን አይችልም።

የስልክ ቁልፍ ሁለት ዓይነት መሆኑንም መለየት ያሻል። አንደኛው ከላይ እንደተገለጸው በቅርብ ርቀት ከመኪናው ጋር በቀጥታ ይነጋገራል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሁለተኛው ትእዛዙን በኢንተርኔት ወደ ፋብሪካው ኮምፒዩተር ልኮ በዚያ በኩል መኪናውን ያስከፍታል። ይህ ልዩነት ለካምፓላ ነዋሪ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2021 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ወቅት በዩጋንዳ ኢንተርኔት ለአምስት ቀን ያህል ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለው ቀን የመጀመሪያው ዓይነት ቁልፍ መሥራቱን ሲቀጥል፣ በሁለተኛው ብቻ የተማመነ ሰው መኪናውን በመስኮት እያየ በእግሩ ይሄዳል።

የስልክ ቁልፍ ጥቅሙ ብዙ ነው። ባለመኪናው ለሾፌሩ ወይም ለልጁ ቁልፍ በስልክ ልኮ፣ ሥራው ሲያበቃ መልሶ ሊሰርዘው ይችላል። የብረት ቁልፍ ግን አንዴ ከተሰጠ ስንት ጊዜ እንደተባዛ አይታወቅም። በአንጻሩ፣ ስልክ ገንዘብንም መኪናንም በአንድነት ሲይዝ ጉዳቱም በአንድነት ይመጣል። በካምፓላ የተሽከርካሪ መጨናነቅ መካከል ስልክ ከመስኮት የሚነጥቅ ሌባ፣ ቦርሳና ቁልፍ በአንድ እጅ ይወስዳል። አንዳንዶቹ ስልኮች ደግሞ መኪናውን የሚከፍቱት የይለፍ ቃል ሳይጠይቁ ነው፤ ባለቤቱ ይህን ማስተካከል ይኖርበታል። ባትሪም ያልቃል። ስለዚህ የብረቱን ወይም የካርዱን ቁልፍ በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ የጥንቃቄ መጀመሪያ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የሽያጭ ጊዜ ነው። መኪና ሲሸጥ የብረት ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ በስልክ ያለ ቁልፍ ግን ካልተሰረዘ በቀድሞው ባለቤት ኪስ ውስጥ ይቀራል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን፣ ጎማውንና ሰነዱን እንደሚመረምር ሁሉ፣ በመኪናው ማኅደር ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበ መጠየቅና የቀድሞዎቹን ማሰረዝ አለበት። የስልክ ቁልፍ ያላቸው መኪናዎች ዓመታት ካለፉ በኋላ በካምፓላ የመኪና መሸጫዎች ሲበዙ ይህ ጥያቄ ይበልጥ የሚያስፈልግ ይሆናል። ቁልፍ ከብረት ወደ ሞገድ ቢለወጥም የንብረት ጠባቂው ያው ነው፦ ምስጢሩ በማን እጅ እንዳለ ለይቶ የሚያውቅ ባለቤት።

ጥያቄዎች

1. ከብረት ቁልፍ እስከ ስልክ ቁልፍ ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ግለጹ።
2. የቅብብሎሽ ዘዴ እንዴት ይሠራል? ጊዜን መለካት የሚከላከለውስ ለምንድን ነው?
3. ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ የትኛው ዓይነት የስልክ ቁልፍ ይሠራል? ምክንያቱን አስረዱ።
4. ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሊያደርጋቸው የሚገባውን ጥንቃቄዎች በአንድ አንቀጽ ጻፉ።