ልጅቷን ስዕል አላስተማርናትም

ባለፈው ክረምት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በታፔላ ሥራ ቤቴ ልምምድ ጀምራ በሁለተኛው ሳምንት ቀረች። የወሰዷት አባቷ ናቸው። «ኦቦ፣ ልጄን ስዕል እንድትማር ብዬ አመጣኋት፤ እናንተ ቆርቆሮ ታስለኳታላችሁ» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ያዘኑ ነው የሚመስሉት። ልጅቷ በእርሳስ የሰው ፊት ስትስል ዓይን የመያዝ ችሎታዋ የሚያስደንቅ ነው። የአያቷን ፎቶ አይታ የሠራችውን ስዕል ግድግዳ ላይ ለጥፌው ስለነበር ደንበኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። ከዚያ ወዲህ መሳሏን ተወች ሲሉ ሰማሁ። ነገሩ እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

አባትየውን አልወቅስም፤ ያሉትን ብዙ ሰው ይለዋል። አንዳንድ መምህራንም ይሉታል። የመካኒክ ልጅ ጋራዥ ገብቶ ብሎን ሲፈታ ቢውል «ሥራ ለመደ» ይባላል። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ አፓረንት ሲወጣ ማንም አይደነግጥም፤ እንዲያውም በአገራችን የትብብር ሥልጠና ደንብ ከሥልጠናው 70 እጁ በሥራ ቦታ እንዲሆን የታሰበ ነው። ሥነ ጥበብ የሚወድ ልጅ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ነገር ይቀየራል። ሥራ ቤቱ የማታ የስዕል ክፍል ይመስላቸዋል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አፍንጫ እንዴት እንደሚሳል እንዳሳየው ይጠብቃሉ። ሜትር፣ የኖራ ክርና የብርጭቆ ወረቀት ካስያዝኩት ልጁን ያባከንኩት ይመስላቸዋል።

እስቲ ስለ መለካቱ ልናገር። እዚህ ወለጋ፣ ሲሬ አንድ መድኃኒት ቤት ታፔላ አዘዘ እንበል፤ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ላሜራ። ከግራና ከቀኝ አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ሲቀነስ ለጽሑፍ 180 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። «መድኃኒት ቤት» ብለህ በአማርኛ ስትጽፍ ባዶውን ቦታ ጨምሮ 8 ቦታ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ፊደል 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሰዋል፤ ደልደል ብሎ ይቀመጣል። ከሱ በላይ የሚመጣው የኦሮምኛው «መና ቆሪቻ» በቁቤ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ አናባቢው ስለሚደገም 13 ቦታ ይሆናል። አሁን ለአንዱ የሚደርሰው 14 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያውም ሁሉም እኩል አይደሉም፤ አንዱ ፊደል እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው፣ ሌላው ሦስት እግር አለው። ጀማሪ ይህን ሳያሰላ ከግራ ጀምሮ ይቀባል። መሃል ሲደርስ ፊደሎቹን ማጥበብ ይጀምራል፣ የመጨረሻው ፊደል ጠርዝ ላይ ይሰቀላል፣ ወይም ቦታ አጥቶ ይጣላል። ፊደሉ ከተጣለ ደግሞ ቃሉ ተሳስቷል፤ ባለመድኃኒት ቤቱም ገንዘቡን አይከፍልም፤ ትክክልም ነው።

ያቺ ልጅ እኛ ጋ በቆየችባቸው ቀናት የተማረችው ይህንን ነበር። ክፍተትን ማየት። ከሦስት ሜትር ርቀት የሚነበበውን ከሃያ ሜትር ከሚነበበው መለየት፣ በነቀምቴ መንገድ የሚያልፍ ሾፌር በስንት ሰከንድ እንደሚያነበው መገመት፣ አንቲረስቱ ሳይደርቅ ቀለም ቢደረብበት ምን እንደሚሆን በዓይኗ ማየት፣ ከደንበኛ ጋር ስለ ዋጋ ሲነጋገሩ መስማት። ፊት መሳሉን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ በዚያ ላይ የምጨምርላት ነገር የለኝም። ቤቷ፣ መብራት ሥር ቁጭ ብላ የማታገኘውን ነበር ልሰጣት የፈለግሁት።

«ጥበብ ስጦታ ነው» የሚለው አባባል ነው ልጆቻችንን የጎዳው። እውነት ነው፣ ስጦታ አለ። ግን አገራችን ስጦታ ያለውን ልጅ ዝም ብላ ያሳደገችበት ዘመን አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ደቀ መዝሙር ቅዱስ ጊዮርጊስን ከመሳሉ በፊት ቀለም ፈጭቷል፣ ሸራ ወጥሯል፣ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። በ1950 ዓ.ም ገደማ አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም ከእንዲህ ዓይነት የሰዓሊዎች ቤተሰብ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቺካጎ ለትምህርት የሄዱት በዚያ ቤት ካደጉ በኋላ ነው። በቴአትሩም ቢሆን እንደዚያው ነው። ከእኛ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ የተወለደው ፀጋዬ ገብረ መድኅን ገና በተማሪነቱ ተውኔት ጽፏል፤ ያ ግን አልበቃውም። በ1952 ዓ.ም ገደማ ለንደን ሮያል ኮርት፣ ፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ገብቶ ቴአትር ቤት እንዴት እንደሚሠራ አጥንቷል። እሱን የመሰለ ባለስጦታ የሌሎች የሥራ ቤት ካስፈለገው፣ የሲሬ ልጅ ለምን አያስፈልገውም?

ከእኔ ሙያ ሰዎች ጋርም ጠብ አለኝ። ልጁን ተቀብለው ለሻይ የሚልኩ፣ ወለል የሚያስጠርጉ፣ በሠርግ ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚያሲዙ የቪዲዮና የፎቶ ቤቶች አሉ። የወላጅ ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠር ይላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይቻልም። ተለማማጅ ነው ብሎ ማምለጥ ልጁን መበደል ነው። ሠርግ ላይ የካሜራ አያያዝ ማስተማር የሚፈልግ የቀኑን ክፍል ያሳየው፤ ማታ ወደ ቤቱ ይላከው።

የልምምድ ቦታ የለም የሚባለውንም አልቀበልም። ነቀምቴ ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የወለጋ ሙዚየም እዚያ አለ፣ የለቃ ነቀምቴው ገዢ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት እዚያ አለ። ዕቃ መሳል፣ የመግለጫ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ጎብኚ ማስተናገድ፣ የድሮ እንጨት ሥራን በቅርብ አይቶ ልኩን መውሰድ፤ ለአንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የተሻለ ክረምት ከየት ይመጣል? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባትን በአንደኛ ደረጃ አስገብቷል፤ ጥሩ ነገር ነው። ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ግን እኛ አካባቢ ስዕሉም ሙዚቃውም ከክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ይጠፋል። ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው ልምምድ ነው፤ እኛ ደግሞ ልምምዱን ከስዕል ክፍል ጋር እያምታታን እናበላሸዋለን።

ለዚህ ክረምት አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ወላጅና እኔ የምንፈርምበት። ከላይ በኦሮምኛና በአማርኛ «ልጅዎ እዚህ ስዕል አይማርም» ይላል። ከሥሩ የሚማረው ተዘርዝሯል፦ መለካት፣ ፊደል ማቀድ፣ የቀለም ዝግጅት፣ የዋጋ ስሌት፣ ቀነ ቀጠሮ ማክበር። ከዚያ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ የምሳና የትራንስፖርት ገንዘብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ፣ እንዲሁም ልጁ ሊታዘዝ የማይገባው ሥራ ተጽፏል። ሰኔ ላይ ፈተና ሲያልቅ ለሚመጣ ወላጅ ሁሉ፣ ልጁን ከመቀበሌ በፊት፣ ቁጭ አድርጌ አነብለታለሁ። ለዚያች ልጅ አባትም አንድ ቅጂ ልኬላቸዋለሁ።