ፊደል ከተከለከሉ ሰዎች የተነሣ መዝሙር

በዛሬው ዝግጅታችን ጎስፔል ስለተባለው የጥቁር አሜሪካውያን መዝሙር እናወራለን። ቃሉ በእንግሊዝኛ ወንጌል ማለት ነው። በሬዲዮ ሰምታችሁት ይሆናል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ለመሆኑ ይህ አዘማመር ከየት መጣ? ታሪኩ ከፊደል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው ማንሣታችን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ደቡብ በባርነት የተያዙ ሰዎችን ፊደል ማስቆጠር በብዙ ቦታ ወንጀል ነበር። ደቡብ ካሮላይና በ1740 ባወጣችው ሕግ ለባሪያ ጽሕፈት ያስተማረ ይቀጣ ነበር። ሰሜን ካሮላይና ደግሞ በ1830 ማንበብንም መጻፍንም ከለከለች፤ ቁጥር ማስተማርን ግን ፈቀደች። ልብ በሉ፤ ቁጥር ለጌታው ሥራ ይጠቅመዋላ!

ታዲያ መጽሐፍ ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት ይዘምር? ዘዴው ይኸውላችሁ። ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ከመዝሙር መጽሐፉ አንድ ስንኝ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ምእመናኑ ተቀብለው፣ ድምፃቸውን እየሳቡ ያዜሙታል። ከዚያ ሁለተኛው ስንኝ ይነበባል። ዘዴው የመጣው ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ነው፤ እዚያም ብዙው ሕዝብ ማንበብ አይችልም ነበርና። ጥቁሮቹ ግን ከአፍሪካ ይዘውት በመጡት የመቀባበል ልማድ ለውጠው የራሳቸው አደረጉት። በእርሻና በጫካ የሚዘመረውስ? እሱማ መጽሐፍም አልነበረው፤ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የተላለፈው። ስፒሪቹዋል ይባላል።

ባርነት በ1865 ከተሻረ በኋላ፣ በ1867 እነዚህ መዝሙሮች ተሰብስበው በመጽሐፍ ታተሙ። ሰብሳቢዎቹ ግን የድምፁን አወጣጥ በኖታ በሙሉ ማስፈር እንዳልተቻላቸው በመግቢያው ላይ አምነዋል። እውነት ነው፤ ወረቀት ሁሉን አይዝም።

በ1871 ናሽቪል ከተማ ያለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት፣ ፊስክ፣ ገንዘብ ቸገረው። 9 ወጣት ዘማሪዎች በየከተማው እየዞሩ ለመዘመር ተነሡ። አብዛኞቹ ከባርነት የወጡ ነበሩ። የዚያን ዘመን መዝሙር በሰው ፊት ማሰማት መጀመሪያ ከብዷቸው ነበር፤ ቁስል ነውና። በኋላ ግን በዚያው መዝሙር ትምህርት ቤቱን ከመዘጋት አዳኑት፤ ትልቅ ሕንፃም አሠሩለት።

ጎስፔል ራሱ የከተማ ልጅ ነው። መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ቻርልስ ቲንድሌይ በ1851 ሜሪላንድ ተወለደ። ማንበብን በራሱ ጥረት ተማረ። ፊላዴልፊያ ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ባገለገለበት ቤተ ክርስቲያን በኋላ መጋቢ ሆነ! የደረሳቸውንም መዝሙሮች አሳተመ።

የቲንድሌይን ሥራ ያከብር የነበረው ቶማስ ዶርሲ በ1899 ጆርጂያ ተወለደ። በመጠጥ ቤት ብሉዝ የሚባለውን ዘፈን በፒያኖ ይጫወት ነበር። ያንን ምት ወደ ቺካጎ አብያተ ክርስቲያናት ይዞ ሲገባ ብዙዎቹ የዘፈን ቤት ነገር ነው ብለው ፊት ነሱት። በ1932 ለሥራ ሴንት ሉዊስ ሄዶ ሳለ ቴሌግራም ደረሰው፤ ሚስቱ በወሊድ ሞታለች። የተወለደው ልጅም ወዲያው ተከተላት። ከዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኖ «ፕሬሽየስ ሎርድ» የተባለውን መዝሙር ደረሰ። ዜማው ከቆየ መዝሙር የመጣ ነው፤ ቃሉ የራሱ ነው።

ዶርሲ መዝሙሮቹን በኖታ ወረቀት እያሳተመ ይሸጥ ነበር። ገዢ እንዲመጣ ማሃሊያ ጃክሰን መንገድ ዳር ቆማ ትዘምርለታለች። የሚገርመው፣ እሷ ራሷ ኖታ ማንበብ አትችልም ነበር፤ በጆሮዋ ነው የምትይዘው። በኋላ ሸክላዋ በዓለም ሁሉ ተሰማ።

ማርቲን ሉተር ኪንግ «ፕሬሽየስ ሎርድ»ን አብዝቶ ይወድ ነበር። በ1968 ሜምፊስ ውስጥ በጥይት ከመመታቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለማታው ስብሰባ እንዲጫወትለት አንዱን ሙዚቀኛ አደራ ብሎት ነበር። በቀብሩ ዕለት ማሃሊያ ዘመረችው።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን።